ከተማ ይጠጋጋ ወይስ ይስፋ? ለአንድ ጀማሪ ፕላነር ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በፍጥነት በምታድግ ከተማ የፕላን ቡድን ውስጥ ጀማሪ ነኝ። ግማሾቹ ባልደረቦቼ ለከተማዋ ወሰን አበጅተን እድገቱን ወደ ውስጥ እንመልሰው ይላሉ። ሌሎቹ መስፋቷ ላይቀር መሬቱን ቀድመን እናዘጋጅ ይላሉ። ሁለቱም ወገን ለሐሳቡ «ዘላቂነት»ን ይጠቅሳል። በንድፈ ሐሳቡ በኩል የትኛው ነው ትክክል? እኔስ በየትኛው ልሂድ?»

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። ክርክሩ «ጥግግት ወይስ ስፋት» ተብሎ እስከተነሳ ድረስ እልባት አያገኝም፤ ሁለቱ ወገኖች የሚያወሩት ስለ ተለያዩ ሰዎች ነውና። አንደኛው ዛሬ ከተማው ውስጥ ስላለው ሰው አኗኗር ይናገራል፣ ሌላው ገና ስላልመጣው። እኔ ለብዙ ዓመታት ሁለቱንም ሳዳምጥና ስሠራ የያዝኩት አቋም የፕላን ትልቁ ቁም ነገር ቅደም ተከተል ነው የሚል ነው። አንዴ ከተበላሸ የማይመለሰውን አስቀድሞ አጥብቆ መያዝ፣ ኋላ ሊታረም የሚችለውን ደግሞ ለነዋሪውና ለጊዜ መተው። ወደዚህ እንዴት እንደደረስኩ በዝርዝር ላስረዳ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በ1898 እንግሊዛዊው ኤቤንዘር ሃዋርድ የ«አትክልት ከተማ» ሐሳቡን ሲያቀርብ 32,000 ሰዎችን በ6,000 ኤከር ላይ ሊያሰፍር ነበር ያሰበው፤ ይህ 2,400 ሄክታር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከተማው የሚያርፈው 1,000 ኤከሩ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው እርሻና ደን ሆኖ ዙሪያውን ይከበዋል። ብዙ ሰው ሃዋርድን የተበታተነ አሰፋፈር አባት ያደርገዋል። ሒሳቡን ቢሠሩት ግን በከተማው ክፍል የሚኖሩት 30,000 ሰዎች በ400 ሄክታር ላይ ሲያርፉ በሄክታር 75 ሰው ያህል ይሆናሉ፤ በዛሬ ዓይን የላላ የሚባል አይደለም። ለእኔ ግን የሃዋርድ ትልቁ ሐሳብ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። መሬቱ በእርሻ መሬት ዋጋ ተገዝቶ በአደራ ስም ለማኅበረሰቡ ይያዛል፤ ከተማው ሲያድግ የሚመጣው የመሬት ዋጋ ጭማሪም መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአረጋውያኑን ጡረታ ይሸፍናል። ሌችዎርዝ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በ1903 የተጀመረችው በዚህ መንፈስ ነው። በኋላ የመጡት ቀጂዎች አትክልቱን ወሰዱ፣ አደራውን ተዉት። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሃዋርድ በኋላ ሐሳቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ በ1922 ለ3 ሚሊዮን ሰው የሚሆን ከተማ ነድፎ መሐሉ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃዎችን 24 አድርጎ ተከለ። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ደግሞ በ1930ዎቹ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ኤከር፣ 4,000 ካሬ ሜትር ያህል፣ የሚሰጥ አሰፋፈር አቀረበ። አንዱ ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ጎን ሄደ። ሁለቱም ግን ከተማን እንደ አንድ የተጠናቀቀ ዕቃ ነበር ያዩት፤ አንድ ሰው ያስበዋል፣ ሌሎች ይሠሩታል፣ ያልቃል። ከተማ ግን አያልቅም።

ይህን አመለካከት የሰበረችው ጸሐፊዋ ጄን ጄኮብስ ናት። በ1961 ያሳተመችው መጽሐፍ ከተማን ሕያው የሚያደርጉ አራት ነገሮችን ዘረዘረ፦ የተቀላቀለ አገልግሎት፣ አጫጭር ብሎኮች (በመንገዶች የተከበቡ የቤቶች ስብስቦች)፣ አሮጌና አዲስ ሕንፃ ጎን ለጎን መኖራቸው፣ እና በቂ የሰው ብዛት። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ግን በጥግግትና በመጨናነቅ መካከል ያደረገችው ልዩነት ነው። ጥግግት በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ስንት ቤት ወይም ስንት ሰው አለ የሚለው ነው። መጨናነቅ በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ያድራል የሚለው ነው። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ባለ አንድ ወለል ሰፈር በሄክታር ሲለካ ከባለ አራት ፎቅ ሰፈር ሊበልጥ ይችላል። በቁጥር «የታመቀ» ነው፤ በኑሮ ግን ስቃይ ነው። ስለዚህ ባልደረቦችዎ «ጥግግት እንጨምር» ሲሉ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የወለሉ ስፋት ይጨምራል ወይስ የሰው ቁጥር ብቻ?» ይሁን።

ሌላም የመለኪያ ወጥመድ አለ። ጥቅል ጥግግት መንገዱንና ክፍት ቦታውን ሁሉ ያካትታል፤ የተጣራው ግን የቤት ይዞታውን ብቻ ያሰላል። 10,000 ሰው የሚኖርበት 100 ሄክታር ሰፈር በጥቅል በሄክታር 100 ሰው አለው፤ ይዞታው የመሬቱ ግማሽ ከሆነ ግን በተጣራው 200 ነው። ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ሲከራከሩ አይቼ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ሲቆጥሩ እንደነበር ደርሼበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ሙግት። በ1989 ተመራማሪዎቹ ፒተር ኒውማንና ጄፍሪ ኬንዎርዝ የ32 ከተሞችን ጥግግትና የነዳጅ ፍጆታ አነጻጽረው አሳተሙ። በአሜሪካ ከተሞች ያለ ነዋሪ በአውሮፓ ከተሞች ካለው አራት እጥፍ፣ በእስያዎቹ ካለው ደግሞ አሥር እጥፍ ያህል ቤንዚን ይጠቀም ነበር። ጥግግቱ ሲወርድ ፍጆታው የሚያሻቅብበት ያ ግራፍ ከዚያ ወዲህ በስንትና ስንት ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል! «የታመቀ ከተማ ዘላቂ ከተማ ነው» የሚለው አስተምህሮ አብዛኛው ጉልበቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ፒተር ጎርደንና ሃሪ ሪቻርድሰን ግን በዚያው ዓመት መልስ ሰጡ። የነዳጅ ዋጋና የሰው ገቢ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሥራውም ራሱ ወደ ከተማ ዳር ስለሚከተል ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ መሐል ከተማ ይመላለሳል ማለት አይደለም አሉ። በ1997 እነሱና የታመቀ ከተማን የሚደግፈው ተመራማሪ ሪድ ዩዊንግ በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ፊት ለፊት ተሟገቱ። በእኔ ግምገማ ጎርደንና ሪቻርድሰን ስለ ምክንያቱ ውስብስብነት ትክክል ነበሩ፤ ገበያው ብቻውን ያስተካክለዋል ማለታቸው ግን ርቀቱን በእግሩ የሚከፍለውን፣ መኪና የሌለውን ሰው ረስቷል።

ነገሩን ይበልጥ ያጠራልኝ በ2010 ዩዊንግና ሮበርት ሰርቬሮ ከ50 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ያወጡት ውጤት ነው። ጥግግት በ10 በመቶ ቢጨምር፣ ሌላው ሁሉ ባለበት፣ በመኪና የሚነዳው ርቀት የሚቀንሰው በ0.4 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሥራና አገልግሎት የሚገኙበት ቅርበት በ10 በመቶ ሲሻሻል ግን በ2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ልዩነቱ አምስት እጥፍ ነው። ፎቅ መደራረብ ብቻውን ጉዞ አያሳጥርም፤ የሚያሳጥረው የሰው ቤትና የሰው ጉዳይ መቀራረባቸው ነው። በ2010ሩ የአሜሪካ ቆጠራም የሎስ አንጀለስ ከተማና ዳርቻዋ በአማካይ በካሬ ኪሎ ሜትር 2,700 ሰው ሲኖራቸው፣ ኒው ዮርክና ዳርቻዋ 2,050 ብቻ ነበራቸው። በመኪና ጥገኝነት የምትታወቀው ሎስ አንጀለስ በአማካይ ይበልጥ የተጠጋጋች ናት! የኒው ዮርክ ጥግግት ግን በባቡር መስመሮቹ ላይ ተከማችቷል፤ የሎስ አንጀለሱ በየቦታው እኩል ተነጥፏል። አማካይ ቁጥር ይህን ይደብቃል።

እዚህ ላይ የ«እንወስን» ወገኖችን ማስረጃ በቅንነት እንመርምር። የለንደን አረንጓዴ ቀለበት፣ ማለትም በከተማው ዙሪያ ግንባታ የሚገደብበት መሬት፣ በ1938 ሕግ ተጀምሮ በ1955 ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞችም ተስፋፋ። ሴኡል በ1971 የራሷን አበጀች። ሁለቱም ገጠሩን ከመዋጥ አድነዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን እድገቱ አልቆመም፤ ቀለበቱን ዘሎ ማዶ አረፈ። በሴኡል የቤት ችግሩ ከብዶ መንግሥት በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ ቡንዳንግና ኢልሳን ያሉ አዳዲስ ከተሞችን ከቀለበቱ ወዲያ ለመቆርቆር ተገደደ። ነዋሪው በየቀኑ አረንጓዴውን አቋርጦ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ርቀቱ ተራዘመ እንጂ አላጠረም።

የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከዚህ ትምህርት የወሰደች ትመስላለች። በ1979 ያጸደቀችው የእድገት ወሰን ግንብ አይደለም፤ የኦሪገን ግዛት ሕግ ወሰኑ ውስጥ ለ20 ዓመት የሚበቃ መሬት እንዲኖር ያስገድዳልና በየጊዜው እየታየ ይገፋል። ኮፐንሃገን ደግሞ በ1947 ጭራሽ ሌላ መንገድ መረጠች። ከተማዋን መዳፍ፣ ማደጊያዋን አምስት ጣት አድርጋ ጣቶቹን በባቡር መስመር ላይ ዘረጋቻቸው፤ በጣቶቹ መካከል አረንጓዴው እስከ መሐል ዘልቆ ይገባል። እኔ ከቀለበት ጣትን እመርጣለሁ። ቀለበት «አትለፍ» ይላል፤ ጣት «በዚህ እደግ» ይላል። ለሚመጣ ሰው ሁለተኛው መልስ ነው፣ የመጀመሪያው ግን መልስ የለውም።

የ«መሬት እናዘጋጅ» ወገኖች ሙግት መሠረቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ቸዛሬ ማርኬቲ በ1994 የያኮቭ ዛሃቪን ሥራ ተከትሎ እንዳሳየው ሰው በየትም ዘመን በቀን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይጓዛል። በእግር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ከመሐል እስከ ዳር በግማሽ ሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከተማው 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን የሚደረስበት መሬት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከተማ የሚሰፋው ሰው በዝቶ ብቻ ሳይሆን መጓጓዣው ፈጥኖም ነው። የከተማ እድገት ተመራማሪው ሽሎሞ ኤንጀል በዓለም ዙሪያ በርካታ ከተሞችን በሳተላይት ምስል ተከታትሎ የጥግግት መላላት አብዛኞቹን የሚያዳርስ ሂደት መሆኑን አሳይቷል። ምክሩም ግልጽ ነው፦ እድገቱን ማስቀረት ካልቻልክ ቦታ አዘጋጅለት።

በምሳሌ ላስላው። 200,000 ሰው በ2,000 ሄክታር ላይ የሚኖርባት ከተማ በዓመት በ4 በመቶ ብታድግ በ18 ዓመት ገደማ 400,000 ትሆናለች። የውስጥ ልማቱ በጣም ቢሳካና ከአዲሶቹ 60,000ውን ነባሩ ከተማ ቢያስጠጋ፣ 140,000 ሰው ይቀራል። እነሱንም በሄክታር 150 አድርገን ብናሰፍር 930 ሄክታር ያስፈልጋል፤ የዛሬዋ ከተማ ግማሽ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ «እንጠጋጋ» ያለው ባልደረባዎ 60,000ውን ሰው፣ «እናዘጋጅ» ያለው ደግሞ 140,000ውን እያሰበ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ታዲያ ምን ይቅደም? የኒው ዮርክን እምብርት ማንሃታንን ይመልከቱ። በ1811 ሦስት ኮሚሽነሮች ሕዝቧ 100,000 እንኳ ላልሞላ ከተማ እስከ 155ኛው መንገድ የሚደርስ የመንገድ መረብ ዘረጉ፤ ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች 30 ሜትር፣ ተራዎቹ 18 ሜትር ያህል ነበሩ። አብዛኛው ያኔ እርሻና አለት ነበር። አንድ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው በማንሃታን ኖረ። ግን ኮሚሽነሮቹ ለመናፈሻ በቂ ቦታ አልተዉም። በ1850ዎቹ ሴንትራል ፓርክ ሲታሰብ 1,600 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ተነሱ፤ ሴኔካ ቪሌጅ የተባለው፣ ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን መሬትና ቤተ ክርስቲያን ይዘው የሚኖሩበት ሰፈርም አብሮ ጠፋ። በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ይከበር የነበረው ቦታ በሰው ኑሮ ተከፈለበት።

ባርሴሎና ደግሞ በ1859 የመሐንዲሱን የኢልደፎንስ ሰርዳን ፕላን ተቀበለች፤ 113 ሜትር ጎን ያላቸው ብሎኮች፣ 20 ሜትር መንገዶች። ሰርዳ ብሎኮቹ በሁለት ወገን ብቻ ተገንብተው መሐላቸው አትክልት እንዲሆን ነበር ያሰበው፤ ባለይዞታዎቹ ሞሉት። ሕንፃው ከሐሳቡ ወጣ፤ መንገዱ ግን ጸና። ያ መንገድ የፈረስ ጋሪን፣ ትራምን፣ መኪናን አስተናግዶ፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በአንዳንድ ሰፈሮች ለእግረኛ እየተመለሰ ነው። በአንድ ቦታ ላይ አገልግሎት በጥቂት ዓመት ይለወጣል፣ ሕንፃ በትውልድ፤ ይዞታ ሲሸነሸን የሚወጣው ወሰን ደግሞ ከሕንፃው ይከርማል። የመንገድ መስመር ግን መንግሥታት ሲለዋወጡም ይኖራል። ብዙ ፕላኖቻችን ይህን ገልብጠው አገልግሎቱን በቀለም እያሳመሩ በዝርዝር ይወስናሉ፣ መንገዱን «ወደፊት» ይሉታል።

ይህን የሚያጠናክር ጥሩ ማስረጃ ከታንዛኒያ አለ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ በሰባት ከተሞች ሁለት ዓይነት ሥራ ተሠራ። አንዱ ባዶ መሬት ላይ መንገድ ቀይሶ፣ ይዞታ ሸንሽኖ፣ ቤቱን ለሰዎች መተው ነበር፤ ሌላው ነባር ሰፈሮችን ማሻሻል። ጋይ ማይክልስና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲያዩት፣ ቀድሞ የተቀየሱት ሰፈሮች ካልተቀየሱት የተሻለ ቤትና መንገድ ነበራቸው፤ የተሻሻሉት ነባር ሰፈሮች ግን ከእነዚያ ካልተቀየሱት የተሻሉ ሆነው አልታዩም። ነባር ሰፈር አይሻሻል ማለቴ አይደለም፤ እዚያ ያለው ሰው ዛሬ ውሃ ይፈልጋል። የምለው፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ፕላን ለማጽደቅ ዓመታት ፈጀ። ሲጸድቅ የዋናው መንገድ መስመር ላይ ቤቶች ቆመዋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ቤት ለቤት እየዞርን ስንለካ አንዲት እናት «ይህን መስመር ከመሥራቴ በፊት አምጥታችሁት ቢሆን ኖሮ እዚያ ማዶ እሠራ ነበር» አሉን። ያ ንግግር አሁንም ከውስጤ አልወጣም። ትክክል ነበሩ፤ ማዶው ያን ጊዜ ባዶ ነበር።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ሥራ። መጀመሪያ የማይነኩትን ያስምሩ፦ የወንዝ ዳር፣ የጎርፍ ሜዳ፣ የሚናድ ቁልቁለት፣ የውሃ መገኛ። ቀጥሎ ከተማዋ በምትሄድበት አቅጣጫ ዋና ዋና መንገዶችን በየ1 ኪሎ ሜትሩ፣ 25 ሜትር ስፋት ሰጥተው ይዘርጉ፤ ኤንጀልም የሚመክረው በዚህ መጠን ነው። የሚወስደው መሬት 5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ማንም ሰው ከዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም፤ አውቶቡሱ ዛሬ ባይኖርም ነገ የሚያልፍበት አለው። ከዚያ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለመናፈሻ የሕዝብ መሬት ይያዝ። በየሰፈሩ ውስጥ ለሚዘረጋው የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በ2014 ያወጣው መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው፦ ከመሬቱ ቢያንስ 30 በመቶ ለመንገድ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 15,000 ሰው፣ ከወለሉ ስፋት ቢያንስ 40 በመቶ ለሥራና ለንግድ። ለሁሉም ቦታ ይስማማል አልልም፤ በተለይ የ40 በመቶው በትንሽ ከተማ ይከብዳል። መንፈሱ ግን ቅርበት ነው፤ ያም ከላይ ካየነው ከዩዊንግና ከሰርቬሮ ውጤት ጋር ይገጥማል።

የተቀረውን ላላ ያድርጉት። ማን ሱቅ ይክፈት፣ ማን ሁለተኛ ፎቅ ይጨምር፣ የትኛው ይዞታ ለሁለት ይከፈል የሚለው ላይ ክልከላ አያብዙ። በነባሩ ከተማ ጥግግት የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ ፈቃድ ነው።

የአቋሜን ድካምም ልናገር። መስመር ሲሰመር በመስመሩ አጠገብ ያለው መሬት ዋጋ በአንድ ሌሊት ይዘላል። መስመሩ ያለፈበት ገበሬ መሬቱን ያጣል፤ ጎረቤቱ ወይም ቀድሞ ወሬ የሰማ ነጋዴ ይከብራል። የፕላን ምሁሩ ስኮት ካምቤል በ1996 ፕላነር ሁልጊዜ በእድገት፣ በፍትሕና በተፈጥሮ ጥበቃ መካከል እንደሚጎተት ጽፏል፤ ይህ ግጭት እርቃኑን የሚታየው እዚህ ነው። ለዚህ ነው ሃዋርድን ያዙልኝ ያልኩት። ዋጋ የሚጨምረው በሕዝብ ውሳኔ ከሆነ ከጭማሪው የተወሰነው ወደ ሕዝብ መመለስ፣ ከዚያም ላይ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ቀድሞ መካስ አለበት። ከተቻለ አጎራባች ባለይዞታዎች ሁሉ ከመሬታቸው እኩል እጅ አዋጥተው፣ በተቀየሰው ላይ አነስ ያለ ግን ዋጋው የጨመረ ይዞታ ይመለስላቸው፤ በጃፓንና በጀርመን ይህ የመሬት ማደላደል ዘዴ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። የካሳ መንገድ ሳያበጁ መስመር ካወጡ የ«እንወስን» ወገኖች ስጋት ይፈጸማል፤ ያዘጋጃችሁት መሬት የአትራፊዎች ይሆናል።

ዘንድሮ በጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አዲስ ማስተር ፕላን አታስጠኑበት። ቤት በፍጥነት እየተሠራ ባለበት አቅጣጫ ያሉትን ሁለት ዋና መንገዶች ይምረጡ፣ ባለይዞታዎቹን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ፣ ካሳውን ክፈሉ፣ ከዚያ ቀያሽ ልካችሁ በየ50 ሜትሩ የኮንክሪት ችካል አስተክሉ። ወረቀት ላይ ያለ መስመር ቤት የሚሠራውን ሰው አይጠብቀውም፤ መሬት ላይ ያለ ችካል ግን ያ ሰው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ያየዋል።